አንድ እፍኝ አመድ

አንድ ሰው ነበረ፤ ንብ አናቢ ነው። አይዞሽ፣ ጥያቄሽን አልዘነጋሁትም። «የኔታ፣ ሐኪሞቹ ያንቺ የደም ካንሰር በዘረመሉ ክፉው ዓይነት ነው አሉኝ። አጠገቤ ለተኛችው ሴት መድኃኒት ሰቅለው በደም ሥሯ ሲሰጧት፣ እኔን ክኒን አስይዘው ሸኙኝ። ተስፋ ቆርጠውብኝ አይደል? ሦስት ቀኔ ነው፣ አልዋጥኩትም» ብለሽኛል። እንግዲህ ስሚኝ።

ይህ ሰው ዋንዛ ላይ የሰቀለው አንድ ቀፎ ብቻ ቀርቶት ነበር፤ ሌሎቹን ድርቅ ጨርሶበታል። አበባ በሚፈነዳበት ወር ይችኑ አንዷን ጉንዳን ወረራት። ጎረቤቱም ተወሮ ነበርና ጭስ አጭሶ ተገላገለ። የጎረቤቱ ጉንዳን ጭስ ሲሸተው ይሸሻል። የዚህኛው ግን ሲፈጠር መሸሽ አልተሰጠውም፤ ንቅንቅ አይልም። ሰውዬው ምን አደረገ? ጭሱን ጨመረ። እርጥብ ቅጠሉን፣ በርበሬውን፣ ያገኘውን ሁሉ ማገደ። ጉንዳኑ እዚያው፤ ንቡ ግን እየታፈነ በእፍኝ እስኪዘገን ረገፈ።

ንብ በማወቅ የተመሰገኑ አንዲት ባልቴት ዘንድ ሮጠ። «እማማ፣ ክፉ ነገር ገጥሞኛል፤ ኃይለኛ መድኃኒት ይስጡኝ» አላቸው። መጡና ዛፉ ሥር ተንበረከኩ። ጉንዳኑ የሚረግጣትን መንገድ በዓይናቸው እየተከተሉ ግማሽ ቀን ቆዩ። ከዚያ ከገዛ ምድጃው አንድ እፍኝ አመድ አስመጥተው የግንዱን ሥር ዙሪያውን ነሰነሱበት። «በቃ። ነፋስ ይወስደዋልና ጧት ጧት መልስበት» ብለው ሄዱ።

ሰውዬው ከፋው። «ቁርጡን ሊነግሩኝ አፍረው ነው» አለና አመዱን ሊጠርግ መጥረጊያ አነሳ። ጎንበስ ሲል ጉንዳኑን አየ። አመዱ ጋ ደረሰ፣ ቆመ፣ ወዲያ ወዲህ አለ፣ ተመለሰ። ቀፎው ላይ የቀረውን ጉንዳን ንቦቹ ራሳቸው ጨረሱት። ሰውዬው መጥረጊያውን አስቀመጠ።

ኅዳር ላይ ማር ሲቆርጥ የመጀመሪያውን የማር እንጀራ ለባልቴቲቱ ወሰደ። «እጄ አመድ አፋሽ ነው እያልኩ ሳማርር ኖሬ፣ ዛሬስ ማር ነካ!» ብለው ሳቁበት።

ልጄ፣ ለዚያች ሴት ጭሱን ይባርክላት፤ የሷ የሚሸሽ ዓይነት ነው። ያንቺን ጭስ እንደማያባርረው ሐኪሞችሽ አይተው፣ የሚሄድበትን መንገድ የሚዘጋውን ሰጡሽ። ነቅሎ ይጥለዋል አላሉሽም፤ እኔም አልልሽም። አንቺን ሳያፍን ይይዘዋል ብለው ነው። እኔ ታናሽ እህቴን በዚሁ በሽታ ስቀብር ጭስ እንጂ አመድ አልነበረም። ይችን ክኒን ለማግኘት ስንቱ ሰው እንደ ባልቴቲቱ ተንበርክኮ ዕድሜውን እንደጨረሰ ሳስብ፣ ስማቸውን የማላውቃቸውን ሰዎች ማመስገን እንኳ አልችልበትም፤ እንባዬ ይቀድመኛል።

ያለፈውን ሦስት ቀን ለሐኪምሽ ንገሪው፤ አትደብቂ። የዛሬዋን ክኒን ግን ከቋጠርሽበት ከነጠላሽ ጫፍ ፍቺያት። ውሃው ይኸው።