ቅንጬ፣ በሶና የአባባ መከታ ትምህርት

አንድ ጊዜ፣ ደጋው ጫፍ ላይ በሚገኝ ግቢ ውስጥ፣ መከታና ሻሼ የሚባሉ ሁለት ያረጁ ውሾች ይኖሩ ነበር። መከታ ድምፁ ነጎድጓድ፣ ሆዱ ከድምፁ የሚበልጥ ወንድ ውሻ ነው። ሻሼ ደግሞ አንድ ዓይኗ የጠፋ፣ አብዛኞቹ ጥርሶቿም የተሰናበቷት፣ ወሬ የማትወድ ሴት ውሻ ናት። የግቢው ባለቤቶች አቶ ሸዋንግዛውና ወይዘሮ አልጣሽ ሁለቱንም ይወዷቸዋል፤ ግን የትኛው እንደሚጠብቅና የትኛው እንደሚያንኮራፋ ለይተው አያውቁም።

አንድ ቀን አቶ ሸዋንግዛው ከገበያ ሲመለሱ በጋቢያቸው ውስጥ ሁለት ቡችሎች አቅፈው መጡ። ወይዘሮ አልጣሽ ሴቷን ቅንጬ፣ ወንዱን በሶ አሏቸው።

«ኧረ አንቺ ሴት! በምግብ ስም የምትጠሪያቸው ጅብ እንዲሰማ ነው?» አሉ አቶ ሸዋንግዛው።

«ጅቡን መከታ ይወቅበት። ቡችሎቹንም እሱና ሻሼ ያሳድጓቸው።»

ቡችሎቹ ገና ከጋቢው ከመውረዳቸው በሶ በመከታ ሳህን ውስጥ በአራት እግሩ ገብቶ ፍርፍሩን መብላት ጀመረ። ቅንጬ የሻሼን ጆሮ ነከሰች። ሻሼ በመዳፏ ገልበጥ አደረገቻትና ተመልሳ ተኛች። መከታ ግን ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ልጆች፣ እኔ አባባ መከታ ነኝ። እዚህ ቤት የገባ ቡችላ በእኔ እጅ ነው የሚታነጸው። አንደኛ፣ ውሻ ከባዕድ እጅ አይበላም። ሁለተኛ፣ ውሻ የጌታውን ቤት አሳልፎ አይሰጥም። ሦስተኛ...» ብሎ አዛጋ። «ሦስተኛውን ነገ።»

ከዚያም ፀሐይ ወዳለችበት ዞሮ ተኛ።

ቅንጬ ወደ ሻሼ ሄደች። «እማማ ሻሼ፣ እርስዎስ ምን ያስተምሩናል?»

«ከእግሬ ሥር ውጪልኝ» አለች ሻሼ።

ሦስተኛው ትምህርት በማግስቱም አልመጣም። ቡችሎቹ ግን ዓይን አላቸውና፣ ከእንጨት ክምሩ ኋላ ተቀምጠው የመከታን ውሎ ያዩ ጀመር። አንድ ረፋድ ላይ ቀበሮ በአጥሩ ሽንቁር አፍንጫዋን አስገባች።

«አባባ መከታ፣ እንደምን አደሩ? ለጤናዎ የሚሆን ትንሽ ነገር ይዤ ነበር።»

መከታ ግራ ቀኙን ቃኘ። «የበግ ነው የበሬ?»

«ምን ነካዎት! እርስዎን በበግ ልደፍር? የበሬ ቅልጥም ነው እንጂ።»

«ደግ። ዶሮዎቹ ከማድ ቤቱ ጀርባ ናቸው። አውራውን ብቻ ተይው፤ እሱ ከጠፋ ሴትዮዋ ለቅሶ ትቀመጣለች።»

ቀበሮ አንዲት ቄብ አንቃ በመጣችበት ወጣች። መከታ ቅልጥሙን ግጦ ጨረሰ፣ አፉን ላሰ፣ ቀበሮዋም ወንዙን መሻገሯን ካረጋገጠ በኋላ ተነሥቶ ጮኸ። ደግሞስ አጯጯሁ! ተራራው አስተጋባ። ወይዘሮ አልጣሽ ሮጠው ወጥተው ላባውን አዩና እጃቸውን አጨበጨቡ።

«ይኼኔ መከታ ባይኖር ኖሮ ሁሉንም ጨርሳቸው ነበር!»

በሶ ግራ ተጋባ። «ከባዕድ እጅ አይበላም አላለንም?»

«በአፉ ነው ያለን» አለች ቅንጬ። «አፉ ደግሞ አሁን ሥራ ላይ ነበር።»

ነገሩ ስላላስቻላት ሄዳ ጠየቀችው። «አባባ መከታ፣ ቀበሮዋ ስትመጣ ለምን አልጮኹም?»

መከታ ለአፍታ ደነገጠ፤ ግን ሽማግሌ መልስ አያጣም። «አፌ ሞልቶ ነበራ! የጨዋ ልጅ እየበላ አያወራም። ይኸውልሽ፣ ሦስተኛው ትምህርት ይህ ነው።»

ቡችሎቹ ይህን ትምህርት ከሁሉም አብልጠው ያዙት፤ ሲሠራበት አይተዋልና።

ክረምቱ ገባ። ጉሙ ደጋውን ሲሸፍነው ሰው የራሱን እግር እንኳ በዳበሳ የሚያገኝበት ወቅት ነው። ቀበሮ ይህን ጊዜ ጠብቃ ወደ ጅብ ዋሻ ሄደች። ዶሮ ሰልችቷት ሳይሆን፣ ጅብ ትልቁን እንስሳ ሲጎትት እሷ ቆጡን በሙሉ ልታራግፍ አስባ ነው።

«አያ ጅቦ፣ የሸዋንግዛው አህያ ወልዳለች።»

ጅብ ምራቁን ዋጠ። «ውሾቹስ?»

«ትልቁ የእኔ ወዳጅ ነው። አሮጊቷ በአንድ ዓይኗ ነው የምታየው። የቀሩት ሁለት ሕፃናት ናቸው፤ አጥንት እወረውርላቸዋለሁ።»

«ለእኔስ አጥንት የለም?»

«ለእርስዎ ውርንጭላ አለ አላልኩም?»

«ውርንጭላው አጥንት የለውም?»

«አለው እንጂ!»

«እንዲያ በይኛ! በጉሙ ውስጥ ግን እንዴት አድርጌ ልለየው?»

ቀበሮ ትዕግሥቷ አለቀ። «ወፍራም ነው፣ ፀጉራም ነው፣ ቀኑን ሙሉ ይተኛል። አለቀ!»

በማግስቱ ጠዋት አቶ ሸዋንግዛውና ወይዘሮ አልጣሽ ብርዱን ሸሽተው በራቸውን ዘግተው ነበር። ሻሼ ጋጣው ደጃፍ ከአህያዋ አጠገብ ተኝታለች። መከታ ደግሞ እንደ ልማዱ የቀበሮን ቅልጥም ሲጠብቅ እንቅልፍ ጥሎት፣ ቂጡን ወደ አጥሩ ሽንቁር አዙሮ ያንኮራፋል። ቀበሮ በአጥሩ ላይ ሁለት አጥንት ወረወረችና ሾልካ ወደ ቆጡ ገባች። ቅንጬም በሶም አንዳንድ አንሥተው አፋቸው ውስጥ አደረጉ። ጅብ አንገቱን በሽንቁሩ ሲያስገባ ከፊቱ አንድ ነገር ተጋርጦ አገኘ። ወፍራም ነው። ፀጉራም ነው። ተኝቷል።

«ውርንጭላው!» አለና ጭራውን ግጥም አድርጎ ነከሰ።

«ኧረ የውሻ ያለህ!» ብሎ መከታ ከእንቅልፉ ባነነ። ጅብ ወደ ውጭ ይጎትታል፣ መከታ በጥፍሩ ጭቃውን እያረሰ ወደ ኋላው ይንሸራተታል። «ቅንጬ! በሶ! ጩኹ እንጂ! ጌታዬን ቀስቅሱልኝ!»

«አፋችን ሞልቷል፣ አባባ!» አለች ቅንጬ በአጥንቱ መሐል።

«የጨዋ ልጅ እየበላ አያወራም!» ብሎ በሶ ጨመረበት።

«ጨዋነቱ ገደል ይግባ! ጩኹ!»

ጅብ ጥርሱን ሳያላቅቅ አጉረመረመ። «እሜቴ ቀበሮ! ይህ ውርንጭላ ይናገራል!»

«ውሻ ነው የያዝከው፣ አንተ ድንጋይ ራስ! ልቀቀው!» አለች ቀበሮ ከቆጡ ሥር፤ «እርስዎ» ማለቱን ረስታዋለች።

«የያዝኩትን ለቅቄ አላውቅም!»

በሶ የመከታን ዓይን አየ። ነጩ ብቻ ቀርቷል። አጥንቱ ድንገት አፉ ውስጥ ድንጋይ ድንጋይ አለው። ቅንጬን ተመለከተ፤ እሷም ማኘኩን ትታለች። ምን ማድረግ እንዳለባቸው ግን ማንም አላሳያቸውም። ፈርተው እዚያው ተገትረው ቀሩ።

በዚህ ጊዜ ሻሼ በጉሙ ውስጥ መጣች። አልጮኸችም፣ አልፎከረችም። በጠፋው ዓይኗ በኩል ከአጥሩ እንጨት ጋር ተጋጭታ፣ ተንገዳግዳ፣ በቀሯት ጥቂት ጥርሶች የጅብን አፍንጫ ጨመደደች። ጅብ ራሱን ሲያወናጭፍ ትከሻዋ አጥሩ ላይ ተቀደደ። አልለቀቀችም።

ይህን ለቡችሎቹ ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም። ሁለቱ አጥንቶች መሬት ላይ ወደቁ። በሶ በጅብ ጆሮ ላይ ተንጠለጠለ። ቅንጬ ደግሞ በሕይወቷ ጮኻ የማታውቀውን ጩኸት ጮኸች፤ ቀጭን፣ ስንጥቅጥቅ ያለ፣ ግን ጆሮ የሚበሳ። አህያዋ ተቀበለቻት። በሩ ተበረገደና አቶ ሸዋንግዛው በአንድ እግራቸው ቦት ጫማ፣ በሌላው ባዶ፣ ዱላቸውን እያወዛወዙ ወጡ።

ጅብ ባለ በሌለ ኃይሉ ወደ ኋላ ተስፈነጠረ። የመጣለት ግን የመከታ ጭራ ብቻ ነበር። ኮረብታው ላይ ደርሶ ሲያኝከው ፀጉር በፀጉር ሆነበት። «ይሄ ነው ውርንጭላሽ?» ብሎ ቀበሮን ማሳደድ ጀመረ፤ እሷም ዶሮ ሳትይዝ እንደ ሸሸች አገር ጥላ ሄደች።

አቶ ሸዋንግዛው ጭራ ያጣውን መከታ ሲያዩ እንባቸው መጣ።

«መከታዬ! ለቤቴ ሲል ጭራውን ሰጠ!»

ወይዘሮ አልጣሽ ቂጡን በቅቤ አሹለት፣ ቁስሉን በጨርቅ ጠቀለሉለት፣ ከድስት ሥጋ አወጡለት። ሻሼ በቤቱ ክፈፍ ሥር ተጋድማ የተቀደደ ትከሻዋን ትልሳለች። ሰው ሁሉ ጀግናውን ከቦ ስለነበር ማንም ዞር ብሎ አላያትም። ቅንጬና በሶ ግን ሥጋውን ሳይሆን መከታን ያያሉ።

መከታ መብላት ጀመረ። ከፊቱ ዓይን፣ ከጎኑ ዓይን። ግማሹን እንደ ዋጠ ማኘኩን አቆመ። የቀረውን በአፉ አንሥቶ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ቂጡን እያወዛወዘ፣ ግቢውን አቋርጦ ሻሼ ፊት አስቀመጠው። ሁሉንም ለምን አልሰጣትም አትበሉ፤ ለመከታ ግማሽ መተው የሁዳዴን ጾም ያህል ነው።

ሻሼ ሥጋውን አሸተተች። «ጭራህ ያምሃል?»

«ያመኛል።»

«ይበልህ» አለችና በላች።

በማግስቱ ጉሙ ገና ሳይገለጥ ቡችሎቹ እንደ ልማዳቸው መከታ ፊት ተቀመጡ። «አባባ መከታ፣ አራተኛው ትምህርት ምንድን ነው?» አለች ቅንጬ።

መከታ ጉሮሮውን ጠራረገ፣ ደረቱን ነፋ፣ አፉን ከፈተ። ሻሼ እያነከሰች አጥሩን ተከትላ ስትዞር አየ። አፉን መልሶ ገጠመው። ከዚያ ተነሥቶ፣ ዝናቡ እየመታው፣ ከኋላዋ ይሄድ ጀመር። ቅንጬና በሶም ምንም ሳይጠይቁ ተከተሉት።

ከዚህ የምንማረው ልጅ ከሽማግሌ አፍ ይልቅ የሽማግሌን ውሎ ስለሚማር፣ ቡችላ እያየው ከቀበሮ አጥንት የሚቀበል ሁሉ በጭራው መፍረዱን ነው።