ጎርፍን መንገድ ያስተማረች አህያ

አንድ ጊዜ ዕድሜዋን ሙሉ ጨው ስትሸከም የኖረች አህያ ጉልበቷ ቢደክም ወደ አንበሳ ዘንድ ቀርባ ማረፊያ ለመነች። አንበሳም ማንም ያልፈለገውን አንድ ተዳፋት ሰጣትና «እስከ መጋቢት የለመለመ ጓሮ ካደረግሽው ያንቺ ነው፤ ካልሆነ ለሌላ እሰጠዋለሁ» አላት። ምስኪኗ ሌላ መጠጊያ አልነበራትም።

ይህን አያ ጅቦ ሰማ። ጅብ ጎመን አይበላም፤ ግን የሌላ የሆነ ነገር ሁሉ ያምረዋል። ወዳጁን ቀበሮን አስከትሎ ሲመጣ አህያዋ ዝናብ እየወረደባት ዝም ብላ ቆማለች።

«እመት አህዪት፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ቀበሮ።

«ውሃው በየት እንደሚወርድ እያየሁ።»

«ውሃማ ወደ ታች ነው የሚወርደው!» ብሎ ጅብ በሳቅ ተንከተከተ።

«እሱንስ አውቃለሁ አያ ጅቦ። ምን ይዞ እንደሚወርድ ነው የማየው።»

ሰኔን ሙሉ አየች። ከዚያ መቆፈር ጀመረች። ጭነት የተሸከመ ዳገትን ቀጥ ብሎ እንደማይወጣ፣ ቀጥ ብሎም እንደማይወርድ ከእሷ በላይ ማን ያውቃል? ተዳፋቱን አግድም እየቆረጠች ቦይ አወጣችበት፤ ጎርፉም እንደ ተጫነ አህያ እየተጠማዘዘ፣ በየመታጠፊያው እያረፈ ይወርድ ጀመር። ባረፈበት ሁሉ ያመጣውን አፈር ያራግፋል። በቦዩ ዳር በቆሎ ዘራች፤ አደንጓሬው በበቆሎው ላይ ተጠመጠመ፤ ዱባው ከሥር ተነጥፎ አፈሩን ከፀሐይ ሸፈነ። ጎመኑን ከጥላቸው ሥር አደረገችው። ባዶ የቀረውን ቦታ ሁሉ ቅጠል ጎዘጎዘችበት። እንዲህ ያለች ባለሙያ! አንዱ ተክል ሌላውን እንዲጠብቅ አድርጋ ነው የተከለችው።

ቀበሮ ይህን አይቶ ሆዱ ተቃጠለ። «አያ ጅቦ፣ የዋሻህን ቆሻሻ ሁሉ እያመጣህ እዚያ ጓሮ ላይ ድፋ። ንጉሡ ሽታውን አይችለውም፤ ያባርራታል» አለው።

ጅብ በጋውን ሙሉ ፍጉንና የደቀቀ አጥንቱን ሲያመላልስ ከረመ። አህያዋ በመጣ ቁጥር «እግዜር ይስጥልኝ አያ ጅቦ!» ትልና ከቅጠሉ ሥር ትቀብረዋለች። ጅብ ግራ ገባው። «እኔ ላዋርዳት እመጣለሁ፣ እሷ ትመርቀኛለች» እያለ ይመለሳል።

መጋቢት ገባ። ተራራው ሁሉ ደርቆ አቧራ ሆኗል። አንበሳ ጅብንና ቀበሮን አስከትሎ ወደ ተዳፋቱ ሲደርስ ግን ጎመኑ እንደ ለመለመ፣ ዱባው ተንዠርግጎ አገኘው። መዳፉን ከጉዝጓዙ ሥር ቢሰድ አፈሩ ረጥቧል።

«ከጥቅምት ወዲህ ጠብታ አልወረደም። ይህ ከየት መጣ?» አለ ተገርሞ።

«ክረምቱን እዚሁ እንዲሰነብት ለምኜው ነው፣ ጌታዬ።»

ቀበሮ ዘሎ መሃል ገባ። «ንጉሥ ሆይ፣ መሬቱን ያደለበው የጅብ ፍግ ነው! እኩሌታው ለእሱ ይገባል።»

አንበሳ ወደ ጅብ ዞረ። «እውነት አንተ ነህ ፍጉን ያመጣኸው? ለምን?»

ጅብ በኩራት ደረቱን ነፋ። «እንዲገማና እንድትባረር ብዬ ነዋ፣ ጌታዬ! ደግሞ የመከረኝ ቀበሮ ነው።»

አንበሳ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «መሬቱ የአህያ ነው። ጅብም ፍጉን መስጠቱን አያቋርጥ፤ ከእንግዲህ ግን የሚሸከመው መካሪው ቀበሮ ነው» ብሎ ፈረደ።

በማግስቱ ቀበሮ ጭነቱን በጀርባው አድርጎ ዳገቱን ቀጥ ብሎ ሲወጣ ተንከባለለ። ተነሥቶ ሞከረ፤ እንደገና ተንከባለለ። አህያዋ ከጎመኗ መሃል አንገቷን አውጥታ አየችውና አዘነችለት።

«ቀጥ ብለህ አትውጣ ልጄ» አለችው፤ «እየተጠማዘዝህ፣ እያረፍህ ና።»

ከዚህ የምንማረው መሬትን ከማዘዙ በፊት አስተውሎ የሚያያት ሰው፣ ሊጠርገው የመጣውን ጎርፍም ሊያዋርደው የተጣለበትን ቆሻሻም ሲሳይ እንደሚያደርገው ነው።