ያልተጠየቀው ንጉሥ

በፈረንሳይ አገር አንድ ድንጋይ አንጣፊ ነበረ። ልጄ ውድነህ፣ ጥያቄህን አልዘለልኩትም፤ «አዲሱ የማኅበራችን ሊቀ መንበር ደግ ሰው ነው፤ በድሮው ሊቀ መንበር የታገዱትን ሸማኔዎች ነገር ከተሾመ በኋላ ብናነሣው አይሻልም ወይ?» ብለኸኛል። በትዕግሥት ስማኝ።

ይህ ሰው የዋና ከተማውን ጎዳና በጥርብ ድንጋይ ሲያነጥፍ የኖረ ነው። አንድ ታናሽ ወንድም ነበረው። ወንድሙ መጠጥ ቤት ተቀምጦ ንጉሡን ክፉ ተናገረ ተብሎ ታሰረ፤ ከሌሎች እስረኞች ጋር በሰንሰለት ተቆራኝቶ ወደ ባሕር ማዶ እንዲጋዝ ተፈረደበት፤ የሚሄድበት ቀን እስኪደርስም በከተማው እስር ቤት ተቀመጠ። አንጣፊው ያልለመነው ሹም፣ ያልጠናው ደጅ አልነበረም። ማንም አልሰማውም።

ንጉሡ እያደር ባሰበት። ጋዜጣ ዘጋ፣ የሕዝቡን እንደራሴዎች በተነ። ያን ጊዜ ከተማው ገንፍሎ ወጣ። ሕዝቡ መንገዱን እየነቀለ ድንጋዩን ከጋሪና ከበርሜል ጋር ከመረና ወታደሩን አገደ። አንጣፊውም በገዛ እጁ ያነጠፈውን በገዛ እጁ ነቀለ። ጥይት በጆሮው ሥር እያፏጨ አለፈ፤ ጎረቤቱ አጠገቡ ወደቀ። እርሱ የሚያስበው ግን ወንድሙን ብቻ ነበር። በመጨረሻ ወታደሩ ሸሸ፤ ንጉሡም አገር ጥሎ ሄደ።

የአገሩ ባለጠጎች መቼ ተኙ! ከንጉሡ ዘመዶች አንዱን መረጡና «ሕዝቡ እልል ካለለት ይነግሣል» አሉ። ሰውዬው እልልታውን ለመቀበል ወደ ማዘጋጃ ቤቱ መሄድ ነበረበት፤ መንገዱን ደግሞ የአንጣፊው ምሽግ ዘግቶታል። ምሽጉን የሚጠብቁት ሰዎች አንጣፊውን አለቃ አድርገውት ስለ ነበር፣ እርሱ ካልፈቀደ ፈረስ አያልፍም።

አንጣፊው ከክምሩ ላይ ቆመ። «መጀመሪያ እስረኞቹን ፍታ፣ ከዚያ እለፍ» ሊለው ቆርጧል። ፈረሱ ቀረበ። ጠመንጃዎች ተነሡ።

ሰውዬው ከፈረሱ ወረደና እጁን ዘርግቶ የአንጣፊውን አቧራማ እጅ ጨበጠ። «እንዴት ዋልህ፣ ወንድሜ?» አለው።

በዚያ አገር ለንጉሥ ይሰገዳል እንጂ የንጉሥ ዘር የቀን ሠራተኛን እጅ አይጨብጥም። አንጣፊው በዕድሜው እንዲህ ያለ ነገር አላየም። ሆዱ ባባ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እንዲህ ያለውን ደግ ሰው ገና ከመምጣቱ በጥያቄ ማፋጠጥ ነውር መሰለው። «ይንገሥና እነግረዋለሁ» አለ በልቡ። ድንጋዩንም እያነሣ መንገድ ከፈተለት።

ሰውዬው ነገሠ። በማግስቱ አንጣፊው ንጹሕ ልብሱን ለብሶ ቤተ መንግሥት ሄደ። ዘበኛው «ቀጠሮ አለህ?» አለው። «ትናንት እኮ ጨብጦኛል!» ቢለው ሳቀበት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉሃል ይኸው ነው። ከዚያ ወደ እስር ቤቱ በረረ። ክፍሉ ባዶ ነው፤ እስረኞቹ ጎሕ ሲቀድ በሰንሰለት ተነድተው ሄደዋል።

«ንጉሡ ተለውጦ የለም እንዴ! ማን አዘዘህ?» ብሎ የእስር ቤቱን አዛዥ አነቀው።

አዛዡ ደነገጠ። «አዲስ ትእዛዝ አልመጣልኝም» አለው። «እኔም በድሮው ሠራሁ።»

ልጄ ውድነህ፣ ያ ንጉሥ ክፉ ሰው አልነበረም። በምሽጉ ላይ ቢጠየቅ ኖሮ እስረኞቹን ይፈታቸው ነበር፤ መንገድ ይፈልግ ነበርና። ሳይጠይቅ የቀረው ግን ሌላ ሰው አይደለም፣ የእስረኛው የገዛ ወንድም ነው፤ እኔን የሚያበግነኝም ይኸው ነው። እናንተም የድሮውን ሊቀ መንበር ታግላችሁ አወረዳችሁ፤ የሸማኔዎቹ የሽመና ቤት ግን እስከ ዛሬ እንደታሸገ ነው፤ ልጆቻቸውም ጦማቸውን ያድራሉ። አዲሱ ሰው ዛሬ ከሰዓት የማኅበሩን ቁልፍ ከእጅህ ሊቀበል ሲመጣ አቅፎ ይስምህ ይሆናል። አንተም ሳመው። ነገር ግን የእያንዳንዱን ሸማኔ ስም ጥራና «ይመለሳሉ» የምትለዋን ቃል በጉባኤው ፊት ከአፉ ስማ። እስከዚያ ድረስ ቁልፉን ከኪስህ እንዳታወጣ።