አንቱ የተባለው አህያ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» በሉኝ፤ የዛሬው በረት ግን የአህያ ነው።

እንስሳት ተነሥተው አንበሳን ከምንጩ ባባረሩ ማግስት አህያን ሾሙ። የምንጩን ደለል በኮቴው እየጠረገ ሁሉንም ሲያጠጣ የኖረው እሱ ነበር። «ከእንግዲህ አንቱ የሚባል የለም!» ብለውም ጨፈሩ።

በማለዳው ጦጣ መጣችና እጅ ነሥታ «እንዴት አደሩ?» አለችው። አህያ አብሮት ያደረ ሌላ ያለ መስሎት ዞር ብሎ አየ። ማንም የለም።

«እነማንን ነው?» አላት።

«እርስዎን ነዋ! ደግሞስ ሹም ጭቃ ውስጥ ይቆማል? አንበሳው ይተኛበት የነበረው የዋርካ ጥላ እያለልዎት!»

አህያ ምስኪን፣ እምቢ ማለት አይሆንለትም፤ ሄዶ ጥላው ሥር ተኛ። ፍየልም በግም አንቱ አሉት። ውሎ ሲያድር ዞር ብሎ ማየቱን ተወው። ምንጩ በደለል ተደፈነ፣ ጥጆች በውሃ ጥም አለቀሱ፤ ግን ማን ደፍሮ ይንገረው?

ድሮ ከጀርባው ላይ መዥገር ትለቅምለት የነበረችው ዶሮ ብቻ ምንጩ ዳር ቆማ እንደ ልማዷ ተጣራች።

«አንተ አህያ! ኧረ አንተ! የት ገባህ? ምንጩ ተደፈነ እኮ!»

ጦጣ ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች። የአህያ ጆሮዎች ግን ቀጥ ብለው ቆሙ።

«አቤት!» አለና ከጥላው ሥር ተነሥቶ ወደ ጭቃው ሮጠ።

ተረቴን መልሱልኝ፤ እኔንም ስትጠሩኝ አንተ በሉኝ።