የጠበቀው አዳኝና የላላው አዳኝ

አንድ ሰው ነበረ፣ ያለችው አንዲት ላም ብቻ። የኔ ልጅ፣ ጥያቄሽን አልረሳሁትም፤ የእንግሊዝኛው «ፕሬይ ኦን» አውሬ ሲያድን የሚባል ከሆነ፣ ሐሳብ ሰውን ሲያስጨንቅም እንዴት እሱው ይባላል ነው ያልሽኝ። አንቺ የምነግርሽን ጻፊ ብቻ፣ በላሟ በኩል ዞረን እንደርስበታለን።

ይቺ ላም ታመመች። ጆሮዋ ተንጠለጠለ፣ ሣር አልነካም አለች። ሰውየው ከተማ ላለው ወንድሙ መልእክት ላከ፤ ወንድሙም በብጣሽ ወረቀት መለሰለት። እሱ ማንበብ አይችልም፣ ለእድሩ ጸሐፊ ወሰደው። ጸሐፊው መነጽሩን አስተካክሎ አነበበለት፦ «ላሟን አትንካት። ሐሙስ አዳኝ ይመጣል።»

ታዲያ ይሄ ጸሐፊ የአዳኝን «ዳ» ጠበቅ አድርጎ ነው ያነበባት። ጠመንጃ የሚይዘው አዳኝ ማለት ነው። በዚያ ሰሞን ደግሞ ማዶ መንደር በሽታው እንዳይዛመት ተብሎ ከብቱ በጥይት አለቀ እየተባለ ይወራል።

ከዚያ ወዲያ ሰውየው እህል አልወርድ አለው። ሚስቱ ብትመክረው፣ ጎረቤት ቢያጽናናው፣ ወይ ፍንክች። አምስት ቀን ሙሉ ከላሟ አንገት ሳይለይ ከሳ፤ ከሷ ብሶ እሱ በሽተኛ መሰለ።

ሐሙስ ዕለት አንድ ሰው ቦርሳ አንግቶ መጣ። ሰውየው ላሟ ፊት ተገተረና «መጀመሪያ እኔን» አለው። እንግዳው ግራ ገብቶት ሰውየው የዘረጋለትን ወረቀት ተቀበለ፤ ሲያነባት ሳቁ መጣ።

«አባባ፣ እኔ የከብት ሐኪም ነኝ። አጥብቀው አንብበውብኝ ነው እንጂ፣ ላላ ቢያደርጉኝ እኮ ከሞት የማድን ነኝ።»

ላሟን መርፌ ወጋት። ሰውየው እዚያው ዘፍ አለና በረጅሙ ተነፈሰ። ከዚያ ሚስቱን ቂጣ አምጪ አላት፤ የአምስት ቀኑን በአንድ ቁጭታ ጨረሰው። ላሟም ሳትሰነብት ሣር ጎረሰች።

አየሽ የኔ ልጅ፣ ያን ሰውዬ ነብር አልነካውም። አምስት ቀን ያደነው ሐሳብ ነው። ነብር ፍየል ላይ፣ አጭበርባሪ የዋህ ላይ ሲያደባ እንደሚባለው ሁሉ፣ ጭንቀትም ልብ ላይ ሲሰፍር «ፕሬይ ኦን» ይሉታል። «ኦን»ን ደግሞ እንዳትጥያት፣ ላዩ ላይ የምትሰፍረው እሷ ናት።

አንቺም የፈተናው ውጤት ሐሙስ ነው ብለሽ ሦስት ቀን ምሳሽን ሳትነኪ የመለስሽው፣ ሐሙስን አጥብቀሽ አንብበሽው ነው። እስኪ ላላ አድርጊው። በይ ነጥቡን አድርጊና ነይ ብዪ።