የፊታውራሪ ሪህና የአራሷ ቅቤ

አያ ይመኑን የማያነሳ የመንዝ ሽማግሌ የለም፤ እንደነገሩን እንንገራችሁ። የፊታውራሪ ጓንጉል ባለሟል ነበሩ፤ ምላሳቸው ግን ለማንም አድሮ አያውቅም።

ፊታውራሪ ጮማ ነፍሳቸው ነው። አንድ ክረምት እግራቸውን ሪህ ያዛቸውና በቅሎ መውጣት አቃታቸው። መድኃኒት አዋቂው አይቶ፣ «ጮማና ቅቤ ይተዉ» አላቸው። ብቻቸውን መተዉ ጨነቃቸው መሰል፣ ቅቤ የሚባል ነገር በግቢው ማንም እንዳይቀምስ አዘዙ። ሰው ሁሉ እጅ ሲነሣ አያ ይመኑ ቀና አሉና፣

«ደግነቱ እግርዎን ነው ያመመዎ፤ ዓይንዎን ቢሆን ኖሮ ሁላችንም ተጨፍነን ልንውል ነበር» አሉ።

በትእዛዙ ደስ ያላቸው የፊታውራሪ ባለቤት ወይዘሮ ጥሩአየሁ ብቻ ናቸው። ድሮም ቅቤውን ጓዳ ቆልፈው የሚይዙ ቆንቋና ነበሩ። በማግስቱ ምሳ ሲቀርብ አያ ይመኑ ወጡ ላይ አቀርቅረው ቀሩ።

«ምን ጠፍቶህ ነው?» አሏቸው እመቤቲቱ።

«ፊቴ ነው እመቤቴ፤ ድሮ ወጡ ላይ አየው ነበር።»

ደግሞ አንድ ቀን የአገሩ ዳኛ ፊታውራሪን ሊጠይቁ መጡ። ጠጉራቸውን ለጋ ቅቤ ተቀብተው፣ ግንባራቸው ላይ እየወረደ፣ «ቅቤ የሰው ጠላት ነው፤ ፊታውራሪ ደግ ፈረዱ» ይላሉ።

«ጠላትን አናት ላይ አውጥቶ ማስቀመጥስ ምን የሚሉት ፍርድ ነው?» አሉ አያ ይመኑ።

በዚያው ሰሞን እዚያው ግቢ የምትኖረው የአያ ይመኑ ልጅ የውብዳር ወለደች። ገንፎዋ ተገንፍቶ፣ መሐሉ ለቅቤው ጎድጎድ ተደርጎ ይቀርባል፤ ጉድጓዱ ግን ባዶ ነው። ደረቁ ገንፎ ከጉሮሮዋ አልወርድ አለ። ሰውነቷ ሟሸሸ፣ ጡቷም ነጠፈ፤ ሕፃኑ ሲያለቅስ ይውላል። አያ ይመኑ አንጀታቸው አረረ፤ ቀልድም ጠፋቸው።

ፊታውራሪ አራሷን ሊጠይቁ በምርኩዝ እያነከሱ መጡ። አራስ ጠይቆ ገንፎ ሳይቀምሱ መመለስ ነውር ነውና ከገበታው ቀርበው ባዶውን ጉድጓድ አዩ።

«ምነው ይመኑ፣ ቅቤው የታለ?» አሉ፤ የገዛ ትእዛዛቸውን ረስተውታል።

«ጌታዬ፣ የታመሙት እርስዎ፤ መድኃኒቱን የምትውጠው ግን እሷ ሆነች።»

ፊታውራሪ ሕፃኑን አዩና አፈሩ። ቅቤው አሁኑኑ ተነጥሮ ይምጣ አሉ፤ ወይዘሮ ጥሩአየሁም እያጉረመረሙ ጓዳውን ከፈቱ። ቅቤው ከበርበሬው ጋር ጉድጓዱን ሞልቶ፣ ሽታው ቤቱን ሲያውደው፣ ፊታውራሪ አላስቻላቸውም፤ እጃቸው ወደ ገንፎው ሄደ። አያ ይመኑ ገበታውን ቀስ ብለው ወደ ልጃቸው ሳቡና፣

«ተዉ ጌታዬ፤ እስከ ዛሬ እሷ ጾመችልዎ፤ እንግዲህ ደግሞ እርስዎ ይጹሙላት» አሏቸው።