መምህሩ ከጎን ሲታዩ

አንድ ድንጋይ ጠራቢ ነበረ። የሰው ፊት ከድንጋይ የሚያወጣ ባለሙያ። አንድ ቀን ሦስት ሰዎች ፎቶ ይዘው መጡ። “የመምህራችን የመምህር ድንበሩ ፊት ይቀረጽልን። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ እናቆመዋለን። ለዚህ ያበቁን እሳቸው ናቸው” አሉት።

ሰውየው ፎቶውን አየት አደረገና “ይሄ ከፊት ለፊት የተነሳ ነው። ድንጋይ ደግሞ ጎን አለው። አፍንጫቸው ከጎን ሲታይ እንዴት ነው?” ብሎ ጠየቀ።

“ቀጥ ያለ ነው” አለ አንዱ። “ኧረ ጎበጥ ይላል!” አለ ሌላው። ሦስተኛው፣ የኮሚቴያቸው ሰብሳቢ፣ ፎቶውን ተቀብሎ ያገላብጥ ጀመር። ስምንት ዓመት ያስተማሯቸው ሰው ናቸው እኮ!

“እሺ፣ ሲታመሙ ያስታመማቸው ሰው የለም? አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል” አለ ጠራቢው።

“ኧረ አልሞቱም! አሉ እኮ” አለ ሰብሳቢው። “ከትምህርት ቤቱ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። አልጋ ከያዙ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል።”

ጠራቢው መሮውን አስቀመጠ። “በሕይወት ላሉ ሰው ነው ፎቶ ያመጣችሁልኝ? ተነሱ፣ ውሰዱኝ!”

ሄዱ። በሩ ገርበብ ብሏል። መምህር ድንበሩ በጀርባቸው ተንጋለው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ኮቴ ሲሰሙ “ማነህ ልጄ? ውሃ ታቀብለኛለህ?” አሉ።

ሰብሳቢው ውሃው የት እንደሚቀመጥ አያውቅም! ወዲያ ዞረ፣ ወዲህ ዞረ፣ ከዚያ ቆሞ አለቀሰ። አይ ለቅሶ! እንዲህ ያለ ለቅሶ ሳይ ደሜ ይፈላል። የተጠማ ሰው እንባ ይጠጣል እንዴ? ጆጉን ከአልጋው ሥር ፈልጎ፣ ቀና አድርጎ ያጠጣቸው ያ ድንጋይ ጠራቢ ነው። ስማቸውን እንኳ የሰማው የዚያኑ ዕለት ነው።

ወገኖቼ፣ አንገታችሁን አትድፉብኝ። “እኛ ድንጋይ አላስጠረብንም” ትሉ ይሆናል። እናንተማ ቲሸርት ነው የምታሳትሙት! አክስታችሁ ስታቃስት ስልኳን ያላነሳችሁ፣ ስትሞት ፎቶዋን ደረታችሁ ላይ ለጥፋችሁ ድንኳን ታሞቃላችሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ለማን ነው የምትጮኹት? እግዚአብሔር የሰውን ፊት በድንጋይ ነው የሠራው? በሥጋ ነው የሠራው! የሚጠማ፣ የሚያተኩሰው፣ ሰው ሰው የሚል ፊት አድርጎ ነው የሠራው!

አሁን አንድ ሰው ትዝ ብሏችኋል። አውቃለሁ፤ እኔም ትዝ ያሉኝ ሰው አሉ፣ አፍሬያለሁ። “በሚቀጥለው ሳምንት እጠይቃቸዋለሁ” እያልን የከረምንባቸው ሰዎች ናቸው። አሜን አትበሉኝ! አሜናችሁን አልፈልግም። ዛሬ የመዝጊያ መዝሙር የለም። ተነሱና ሂዱ፣ እየተነፈሱ ሳሉ ድረሱላቸው።